የቆዳ ቦርሳ ስንገዛ ጠርዙን እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

የቆዳ ቦርሳ በመስፋትና በመጠገን ሥራ 22 ዓመት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ይዛልኝ የመጣችው ቦርሳ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በጥሎሿ ውስጥ የነበረ፣ ሽማግሌና ዘመድ በተቀመጠበት ከሻንጣ ወጥቶ ከፍ ተደርጎ የታየ፣ ዋጋውም 60,000 ብር እንደሆነ በእልልታው መሃል ከጆሮ ወደ ጆሮ የተነገረለት ቦርሳ ነበር። ፊቱ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው የአንድ ድርጅት ምልክት አለበት። ቦርሳውን በእርግጥ ያ ድርጅት ለመሥራቱ ምንም ማረጋገጫ ስለሌለኝ ስሙን አልጠቅስም።

እጀታው ከቦርሳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጥቁሩ ፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ ነበር። ከሥሩ የሚታየው ነጭ ስስ ጨርቅ ነው። በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ብነካው የጥፍር ስፋት ያለው ቅራፊ ተላቅቆ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ። “ጋሼ፣ ጥቁር ቀለም ቢቀቡልኝ ይበቃኛል” አለችኝ። እንደማይሆን ስነግራት “እኛ እኮ ቆዳ መሆኑን በላይተር አሳይተውን ነው የገዛነው” አለችና ዝም አለች። ገንዘብ ተቀብዬ ቀለም ብደርብበት ከሥሩ ያለው መላጡን ስለማያቆም ክረምቱን ሳይሻገር ተመልሶ ይመጣ ነበርና፣ እንዳመጣችው መለስኩላት። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ “አይሠራም” ብሎ መመለስ ለእኔም ከባድ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ከ30 ዓመት በላይ የያዙትን፣ እዚሁ አዲስ አበባ የተሰፋ ቡናማ የከብት ቆዳ ቦርሳ አመጡልኝ። ማንጠልጠያው ዘለበቱ ጋ ተበጥሷል፣ ገበሩም አርጅቶ ተበጣጥሷል። ስፌቱን በምላጭ ፈትቼ፣ አዲስ ገበር አግብቼ፣ በዱሮዎቹ የወስፌ ቀዳዳዎች መልሼ ሰፋሁት። ቆዳው ከእጃቸው ወዝ ጠቁሮና ለስልሶ ነበር እንጂ የተሰነጠቀ ወይም የተላጠ ቦታ አላገኘሁበትም። ማንጠልጠያው እንደገና በትከሻቸው ላይ ሲውል እያዩ “ይኼ እንግዲህ ለልጄ ነው” አሉኝ።

ስለ ቦርሳ ጥራት የምፈርደው ከእነዚህ ሁለት ዕቃዎች ተነሥቼ ነው። ቅንጡ የሚባል የቆዳ ቦርሳ ከሁሉ አስቀድሞ ሊፈታና ተመልሶ ሊሰፋ የሚችል መሆን አለበት እላለሁ። ምልክቱ የማንም ይሁን፣ ዋጋው ምንም ያህል ይሁን፣ ሲበላሽ የማይጠገን ቦርሳ የአንድ ወቅት ዕቃ ስለሆነ በአንድ ወቅት ዕቃ ዋጋ ሊሸጥ ይገባዋል። ገዢ ይህን በሱቅ ውስጥ ቆሞ በዓይኑና በጣቱ ሊያውቅ ይችላል፤ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ በፋብሪካ ውስጥ በማሽን ለሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ንብርብር ይሰነጠቃል። ጸጉር የበቀለበት የላይኛው ንብርብር ክሮቹ ጥብቅ ብለው የተቆላለፉበት በመሆኑ ከሁሉ ጠንካራው እርሱ ነው። ንጹሕ ሆኖ ተገኝቶ ፊቱ ሳይሞረድ፣ ጥቃቅን የጸጉር ቀዳዳዎቹ እንዳሉ የተተወ እንደሆነ ከፍተኛው ዋጋ የእርሱ ነው። የእሾህ ጭረትና የመዥገር ምልክት የበዛበት ቆዳ ደግሞ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረድና ወፍራም ቀለም ተቀብቶ በጋለ ብረት የቆዳ መልክ ይታተምበታል፤ ይህም ቆዳ ነው፣ ደረጃው ግን ዝቅ ይላል። ከሥር የተሰነጠቀው ንብርብር ልል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ይለብሳል። ከዚህ ሁሉ በታች ያለው ከፋብሪካ የተረፈ የቆዳ ፍርፋሪ ተፈጭቶ በሙጫ የሚጋገረውና እንደ ጨርቅ በጥቅል የሚሸጠው ነው። ገዢን የሚጎዳው አራቱም በሻጭ አፍ “ኦርጅናል ቆዳ” መባላቸው ነው። ከአራቱም ውጭ የሆነው፣ በጨርቅ ላይ የተቀባው ፕላስቲክ፣ ማለትም የዚያች ልጅ ቦርሳ፣ እርሱም በዚሁ ስም ተሸጠ።

ስለ ላይተሩም መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በየሱቁ እንደ ማረጋገጫ ሲቀርብ አያለሁ። ቆዳ በቀላሉ እንደማይነድ እውነት ነው። ሆኖም ነበልባል ለአፍታ ያህል ፊቱን ዳስሶ ሲያልፍ ብዙው ፕላስቲክም ምንም አይሆንም፤ በአንጻሩ የእውነተኛው ቆዳ ቀለም ሊበላሽ ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው በእርግጥ ሲቃጠል ነው፤ ቆዳ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ፕላስቲክ ግን ይቀልጥና ይንጠባጠባል። ይህ የሚሞከረው በቁራጭ ላይ እንጂ ሊሸጥ በተሰቀለ ቦርሳ ላይ ስላልሆነ፣ የሱቁ ላይተር ስለ ቦርሳው የሚያስረዳው ነገር የለም።

እኔ የማየው ጠርዙን ነው። ማንጠልጠያው እንዲረዝምና እንዲያጥር የተበሱትን ቀዳዳዎች ወደ ብርሃን አዙሬ ውስጣቸውን እመለከታለሁ፤ የቦርሳው አካል ተቆርጦ የሚታየው እዚያ ነውና። ቆዳ ከሆነ ከፊት እስከ ጀርባ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቃጫ መሰል ክር ይታያል፤ ክሮም በተባለ የማዕድን ጨው የለፋ ከሆነ መሃሉ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው፣ በዛፍ ቅርፊትና በዕፅዋት ጭማቂ የለፋ ከሆነ ደግሞ ቡናማ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ግን ከላይ ስስ የቀለም ሽፋን፣ ከሥሩ አረፋ መሰል ነገር፣ ከዚያ የጨርቅ መስመር ተለይተው ይታያሉ። ቀዳዳ የሌለው እንደሆነ የውስጥ ኪሱን አፍ ገልብጦ ያልተቀለመ ጠርዝ መፈለግ ይቻላል። ሌላው መንገድ በአውራ ጣት ጫን ማለት ነው፤ ቆዳ እንደ እጃችን ጀርባ በጣቱ ዙሪያ ስስ የሆነ ሽብሽብ ያወጣል፣ ፕላስቲክ ግን ዝም ብሎ ይሰረጉዳል። በማሽተት መፍረድን አልመክርም፤ የቆዳ ሽታ በሽቶ መልክ ይረጫልና።

ከቆዳው ቀጥሎ ስፌቱ አለ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ኤርሜስ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1837 ፓሪስ ውስጥ ሲመሠረት የፈረስ ዕቃ የሚሰፋበት ቤት ነበር፤ በታወቁት ቦርሳዎቹም ላይ እስከ ዛሬ የሚጠቀመው የኮርቻ ሰፊዎችን ስፌት ነው። በሰም የታሸ አንድ ክር በሁለቱ ጫፎቹ ሁለት መርፌ ይይዛል፤ ሁለቱ መርፌዎች በአንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፉና ክሩ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይኬዳል። የስፌት ማሽን ግን የላይና የታች ሁለት ክሮችን በቆዳው መሃል ያቆላልፋል፤ አንዱ ሲበጠስ መቆላለፊያው ይለቅና ተከታዩ እየተተረተረ ይሄዳል። የእጁ ስፌት አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ ሌላው የክሩ ክፍል ቦታውን ይዞ ይቆያል። አንድ ሰፊ በዚህ መንገድ አንድ ቦርሳ ለመጨረስ ረጅም ሰዓታት ያጠፋል፤ የሚጠየቀው ዋጋ ከፊሉ በእውነት የዚህ ድካም ዋጋ ነው።

ይህ ጥበብ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በየገዳማቱ የብራና መጻሕፍት የሚቀመጡበትን ማኅደር ያየ ሰው፣ ማንገቻው ከማኅደሩ ጋር የተያያዘበትን ቦታ ልብ ብሎ ቢመለከት፣ ጠፍሩ እንዴት ተመላልሶ እንደተሰፋና ክብደቱ በአንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ እንዴት እንደታሰበበት ያያል። የኮርቻ፣ የአገልግል፣ የስልቻ ሰፊዎቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ያን የሚያህል ሙያ ያላቸው ሰዎች “ፋቂ” እየተባሉ ሲናቁ መኖራቸው ግፍ ነው፤ የእጅ ሥራን በዋጋው እንዳንመዝንና ከሩቅ በመጣ ምልክት ላይ እንድንደገፍ ያደረገንም አንዱ ነገር ይህ ንቀት እንደሆነ አምናለሁ።

የማሽን ስፌት ሁሉ ደካማ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ክሩ ወፍራምና ጠንካራ ከሆነ፣ መስመሩ ካልተጣመመ፣ እጀታው የተያዘበት ቦታ ደግሞ ደጋግሞ ከተሰፋ የማሽን ስፌት ለብዙ ዓመት ያገለግላል። መጥፎው ምልክት እጅግ የተጠጋጋ ስፌት ነው፤ ቀዳዳው ሲበዛ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆንና በመስመሩ ላይ ይቀደዳል። ከእርሱ የባሰው ደግሞ በማስቲሽ ብቻ ተጣብቆ ለጌጥ ያህል ክር የሮጠበት እጀታ ነው። ዚፕና ዘለበትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ ዚፑ በማዕዘኑ ላይ ሳይነክስ መዞር አለበት፣ ዘለበቱ ነሐስ ከሆነ ይከብዳል፣ ቢፋቅም ከውስጥ ቢጫ ነው፣ ቅቡ ብቻ ወርቃማ የሆነው ግን በሚፋቅበት ቦታ ግራጫ ይሆናል።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ፤ ከፍተኛው ገንዘብ የሚከፈለው ለእርሱ ነውና። በከተማችን ከሚታዩት ምልክቶች በጣም የታወቀው የሉዊ ቪቶን የፊደልና የአበባ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1896 የተሠራ ነው፤ ንድፉ ያለባቸው አብዛኞቹ ቦርሳዎች ገላቸው ፕላስቲክ የለበሰ የጥጥ ሸራ ሲሆን ቆዳ የሚሆነው እጀታውና ጠርዙ ነው። ሸራው ጠንካራ ነው፣ ድርጅቱም ሸራ መሆኑን አይደብቅም። ብዙ ደንበኞቼ ግን “ቆዳው ተሰንጥቋል” እያሉ ያመጡልኛል፤ ቆዳ አለመሆኑን ስነግራቸው የሚደነግጡት ሲገዙ ማንም ስላልነገራቸው ነው። እንዲሁም ውድ ማለት ጠንካራ ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ ሻኔል ለሚሠራቸው አንዳንድ ውድ ቦርሳዎች የሚመርጠው የግልገል በግ ሌጦ በጥፍር የሚጫር ስስ ነገር ነው፣ ለስላሳነቱ ይወደዳል እንጂ ለዕለት ተዕለት ገበያ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የሚላኖ ፍርድ ቤት ዲዮር የተባለውን የፈረንሳይ ድርጅት ቦርሳዎች የሚያስመርተውን አንድ የጣሊያን ኩባንያ፣ ሥራውን በተቀበሉ ንዑስ ተቋራጮች ዘንድ የሠራተኛ ብዝበዛ መኖሩ በመታየቱ፣ በፍርድ ቤት ተቆጣጣሪ ሥር እንዲሆን አዝዞ ነበር። ትእዛዙ በ2025 መጀመሪያ ላይ ተነሥቷል። በዚያ መዝገብ ላይ የወጣው ቁጥር ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ በመደብር 2,600 ዩሮ ለሚሸጥ ቦርሳ መስፊያና መገጣጠሚያ የተከፈለው 53 ዩሮ ነበር። የቆዳው፣ የንድፉ፣ የመደብሩ ኪራይና የማስታወቂያው ወጪ ከዚህ ውጭ መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም ቦርሳውን በእጁ ይዞ ከቁራጭ ወደ ዕቃ የለወጠው ሰው ድርሻ ያን ያህል ትንሽ ከሆነ፣ ከፍተኛ ዋጋ ከፍተኛ የእጅ ሥራ ማለት ነው ብሎ ማመን አይቻልም።

ስም ዋጋ የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ፓሪስ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ፣ ኤርሜስ ለተዋናይትና ዘፋኝ ጄን በርኪን የሠራው የመጀመሪያው የበርኪን ቦርሳ በ8.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። ቦርሳው የተጫጫረ፣ ባለቤቷ ትለጥፍበት የነበረው ወረቀት ምልክት የቀረበት ነበር። ያ ገንዘብ የተከፈለው ለታሪኩ ነው፤ ገዢውም ይህን አውቆ ከፈለ። ለዚያች ሙሽራ ቦርሳውን የገዙት ግን ለቆዳ የከፈሉ መስሏቸው ለተለጠፈ ምልክት ከፈሉ፤ የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ስሙን ሊወስድ ይችላል፣ በገበያችን “ማስተር ኮፒ” የሚባለው መልኩን ጭምር ይወስዳል፤ በማንጠልጠያው ቀዳዳ ውስጥ የሚታየውን የቆዳ ክር ግን ከቆዳ በቀር የሚሰጠው የለም።

በራሳችን በኩል ያለውንም ጉድለት ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። የደጋ በጋችን ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስም ያለው ነው፤ የሰላሌ በግና የባቲ ፍየል ሌጦ በንግዱ ዓለም የሚጠሩት ከነአገራቸው ስም ጋር ነው። ነገር ግን እከክ በበጉ ጀርባ ላይ የሚተወው ነጠብጣብ፣ በበዓል ቀን በየግቢው ሲገፈፍ ቢላዋ የሚያሳርፍበት ቁስል፣ ጨው ሳይነካው ውሎ ማደሩ፣ ይህን ሁሉ ሀብት ደረጃውን ያወርደዋል። ቀድሞ በበዓል ማግስት “ቆዳ ያለው!” የሚል ድምፅ በየሰፈሩ ይሰማ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ዋጋው ከመውደቁ የተነሣ ሌጦው በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ሲሸት አይተናል። እኛ ሰፊዎችም ብንሆን ጥሩ ቆዳ አግኝተን ርካሽ ዚፕ እናስገባበታለን፣ ጠርዙን ሳናለሰልስ ቀለም እንቀባዋለን፣ ገበሩን በሚበጠስ ጨርቅ እንሠራዋለን። ከዚያም ገዢው ዚፑ በስድስት ወር ሲበላሽበት “የአገር ውስጥ ሥራ” ብሎ ቢተወን መልስ የለንም። አንድ ቦርሳ የሚፈረድበት በደካማው ክፍሉ መሆኑን ከጥገና ሥራዬ በላይ ያስተማረኝ የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ መሠረት ቆዳ የሚመስል ነገር ቆዳ አለመሆኑ ለገዢው ሊገለጽለት ይገባል፤ ከፍርፋሪ የተጋገረ ከሆነም ይኸው ይነገራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ ጫማ ፊቱ፣ ገበሩና ሶሉ ከምን እንደተሠራ በምልክት እንዲያሳይ አስገድዷል፤ የተዘረጋ ቆዳ ቅርጽ ያለው ምልክት ቆዳ ማለት ነው። በየቤታችን ያለውን ከአውሮፓ የመጣ ጫማ ገልብጦ ማየት ይበቃል። በከተማችን ቆዳ ነው ተብሎ የሚሸጥ ቦርሳ ሁሉ፣ ከውጭ የመጣም ይሁን እዚህ የተሰፋ፣ በውስጥ ኪሱ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ጨርቅ ይሰፋበት፤ የየትኛው እንስሳ ቆዳ እንደሆነ፣ የላይኛው ንብርብር ይሁን የታችኛው ወይስ የተጋገረ፣ ገበሩ ምን እንደሆነ ይጻፍበት። ጉዳዩ የሚመለከታቸው የንግድና የደረጃ መሥሪያ ቤቶች ይህን ቢያስገድዱ ለሐቀኛ ነጋዴ የሚጨምርበት ወጪ የአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ዋጋ ብቻ ነው። የባለ ሱቆች ማኅበራትም ትእዛዝ ሳይጠብቁ ሊጀምሩት ይችላሉ።

እኔ በበኩሌ ጀምሬአለሁ። ከዚህ ወር ወዲህ በምሰፋቸው ቦርሳዎች ኪስ ውስጥ ከዚያው ቆዳ የተቆረጠ፣ ጠርዙ ያልተቀለመ፣ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ በክር አስሬ እከታለሁ። ገዢው ጠርዙን ያየዋል፣ ከፈለገም ቤቱ ወስዶ ያቃጥለዋል፤ ቦርሳው ወደፊት ሲቀደድም ለመጠገኛ የሚሆን ተመሳሳይ ቆዳ በእጁ ይገኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የቆዳ ቦርሳ ሰፊ፣ ከአዲስ አበባ